ቆዳ የለበሰው ለበን

ይህን የምጽፈው አንድ የሽያጭ መግለጫ ስሕተት ስለያዘ ነው። ለስድስት ዓመት ያህል የሠራሁበት የጦር መሣሪያ ስብስብ ባለፈው ጊዜ በጨረታ ሲበተን፣ ከተሸጡት ዕቃዎች መካከል አንድ አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር። መግለጫው «ሙሉ ነው፤ የጎደለው ክፍል የለም» ይላል። ጎድሎታል። ምን እንደ ጎደለው የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ በአዲስ ሥራ ተጠምዳለች፤ ሁለተኛው መጻፍ አይወድም፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሰው ጋሽ ወልዱ ነው። ልጽፍ እንዳሰብሁ በስልክ ስነግረው፣ ከሲያትል በስተደቡብ ዴ ሞይን ካለው አፓርትመንቱ ሆኖ፣ «ጻፈው፤ ግን አታሳምረው። ካሳመርኸው አላነበውም» አለኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ዛሬ የባቡር በሮች በሚጠገኑበት ወርክሾፕ ነው የምሠራው። ሥራው ጥሩ ነው፤ በር ወይ ይዘጋል፣ ወይ አይዘጋም። የቀድሞው ሥራዬ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም።

በዲቪ ወደ አሜሪካ ስመጣ በእጄ የታሪክ ዲግሪ፣ በሻንጣዬም ከልብስ ይልቅ መጽሐፍ የበዛበት ሰው ነበርሁ። በሲያትል አጠገብ ባለችው ሲታክ ውስጥ መጀመሪያ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ቀጥሎም በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሠራሁ። የመኪና ማቆሚያው ገንዘብ መቀበያ ክፍል ጠባብ ብትሆንም ለማንበብ ትመቻለች። በዚያን ዓመት ስለ ምሽግ ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍትን እያሳደድሁ አነብ ነበር፤ ሰዎች ለዓመታት በአፈር ውስጥ ተቀብረው እርስ በርስ የተያዩበት ያ ዘመን ከሌላው ጦርነት ሁሉ ይልቅ ያስገርመኝ ነበር። ጋሽ ወልዱ በዚያው ማቆሚያ ማታ ማታ መንገደኞችን የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ቀን መስኮቴ ላይ ተደግፎ የያዝሁትን መጽሐፍ በግንባሩ አመለከተኝ።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ምሽግ ጦርነት ነው፣ ጋሽ ወልዱ። የፈረንጆቹ፣ የመጀመሪያው።»

«ገጹ ስንት ደረሰ?»

«ሁለት መቶ አለፍሁ።»

«ስለ አካፋ ምን ይላል?»

አሰብሁ። «እስካሁን ምንም አላለም።»

«ሶ፣ ገና አልጀመረም ማለት ነው» ብሎ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ «ፕሮፌሰር» ሆነ፤ ደስ ሲለው ደግሞ «ወደይ» ይለኛል፣ በትግርኛ «ልጄ» እንደ ማለት።

ወላጆቹ ከአሥመራ የመጡ፣ እሱ ደብረ ዘይት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በወጣትነቱ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ሆኖ በሰሜን ግንባር ምሽግ ውስጥ ኖሯል። ሲያትል ከገባ በኋላ ከብዙ ሥራ ተሻግሮ፣ ቀን ቀን ከከተማው በስተደቡብ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ በእንጨት ንግድ የበለጸገ አንድ ሰው ትቶት በሞተው የጦር መሣሪያ ስብስብ ውስጥ ይሠራ ነበር። ረዳት ሲፈለግ «ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ልጅ አለ» ብሎ ጠቆመኝ። ደመወዙ ከመኪና ማቆሚያው በጥቂት ይበልጣል። ወረቀቱን ፈርሜ ገባሁ።

ስብስቡ ከሞላ ጎደል ያተኮረው በምሽግ ውስጥ በነበረው ወታደር ላይ ነው፤ ጠመንጃ፣ ሳንጃ፣ የብረት ቆብ፣ የእሾሃማ ሽቦ መቁረጫ፣ የጋዝ ጭምብል፣ አካፋ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ናቸው። ከመሬት የወጣ ብረት ሕመምተኛ ነው። አፈሩ ውስጥ ሳለ ጨው ጠጥቷል፤ ወጥቶ ሲደርቅ ያ ጨው ከውስጥ እየገፋ ብረቱን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። ስለዚህ ዕቃውን ጨው በሚስብ ፈሳሽ ውስጥ እየነከርን፣ ውኃውን እየለወጥን፣ ለወራት እንጠብቃለን። የቸኮለ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው አንድ እፍኝ ቅርፊት ነው። የጋዝ ጭምብሎቹ ጎማ ደርቆ እንደ ብስኩት ስለሚሰበር፣ በውስጡ ለስላሳ ወረቀት ሞልተን የፊት ቅርጽ እንሰጠዋለን፤ ማጣሪያውን ግን ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አንከፍትም። የአካፋዎቹ እጀታ ብዙ ጊዜ ያጠረ፣ አንድ ጎናቸውም የተሳለ ነው። ጋሽ ወልዱ የመጀመሪያውን ሲያሳየኝ፣ «ይሄኛው ጎን ለአፈር አይደለም» አለኝ።

የእሱ አሠራር በዝርዝር መጻፍ አለበት። ማንኛውም ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ከፍቶ ጥይት ማስገቢያውን ያያል፤ ከዚያ ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔም አያለሁ። በርሜሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ጭቃ ተሞልቶ ድንጋይ የሆነ ጠመንጃ እንኳ ከዚህ ሥርዓት አያመልጥም። መሬት ላይ የተቀመጠ መሣሪያ አይሻገርም፤ ዞሮ ያልፋል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አስገብቶ ይጫንባቸዋል። እንደዚያ ሆኖ ዝም ብሎ ያያል። በመጨረሻ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የሰውየው እጅ የት ነበር?» እንጨቱ የሳሳበትን፣ ብረቱ የነጣበትን ቦታ ፈልጌ አሳየዋለሁ። ካልተሳሳትሁ እጆቹን ያወጣል፤ ሥራ ይጀመራል።

አንድ ነገር ብቻ ከልማዱ ጋር አጣልቶት ነበር። ወታደር መሣሪያውን በዘይት ይወለውላል፤ በሙዚየም ሥራ ግን ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ ክልክል ነው፣ ስስ ሰም ብቻ ይቀባል። «ዘይት ያላየ መሣሪያ ራቁቱን ነው» እያለ አንድ ዓመት ሙሉ አጉረመረመ። ሆኖም አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

የስብስቡ ኃላፊ ሊን የምትባል፣ ወላጆቿ ከቬትናም የመጡ፣ ቃሏ አጭር የሆነች ሴት ነበረች። ከእኛ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምትነጋገረው፤ ጋሽ ወልዱን «ሚስተር ወልዱ» ትለዋለች፤ እሱም እሷ ባጠገቡ ስታልፍ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። በዚህ ሥራ ካገኘኋቸው አለቆች መካከል «አላውቅም» ማለት የማያሳፍራት እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ለበኑ የመጣው በአምስተኛው ዓመቴ ነው። አባቶቻችን «ለበን» ይሉት የነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ በዚያ ጦርነት ምሽግ ውስጥ እግረኛው የተሸከመው ነው። ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በጥቅል ተገዝቶ በሣጥን ገባ። እንጨቱ ላይ የፋብሪካው ማኅተም ይታያል፤ ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ግን፣ ቀይና ነጭ ፀጉሩ ያልተገፈፈ፣ እንደ እጅጌ የተጠቀለለ ጥሬ ቆዳ ነበረበት።

ጋሽ ወልዱ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አስገባ። ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ እኛ ጋ ደርሶ ነው የመጣው» አለ በመጨረሻ።

«ከጦርነቱ በኋላ በጅቡቲ በኩል ብዙ ገብቷል» አልሁ፤ ያነበብሁትን ነው።

«በየት እንደገባ አንተ ታውቃለህ። እኔ የማየው አንገቱ ተሰብሮ እንደነበረ ነው። አናጢ ቢያገኝ ኖሮ ሰውየው በሙጫና በችንካር ያስጠግነው ነበር። አላገኘም። ላም ታርዳለች፤ ቆዳው ሳይደርቅ በእርጥቡ አልብሶ በጠፍር ሰፋው። ሲደርቅ እንደ ብረት ጨመደደው። ስፌቱን እየው፣ ወዴት ያጋድላል?»

አየሁ። «ወደ ቀኝ።»

«ግራኝ ነው ሰውየው።»

ስለዚያ ሰው የምናውቀው ይህን ብቻ ነው። ስሙን፣ አገሩን፣ ዘመኑን የሚነግረን ምንም አልነበረም። ስፌቱ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ከዚያ በላይ የለም።

ችግሩ ከሊን ዕቅድ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈተው ትርኢት የምሽጉ ወታደር በእጁ የያዘውን ነገር፣ እሱ እንደ ያዘው ሆኖ፣ ለማሳየት የታሰበ ነበር። ሌላው ለበናችን ብረቱ በዝገት ተበልቶ ለእይታ አይበቃም፤ ይህኛው ደግሞ የምሽጉ ወታደር ያልያዘውን ቆዳ ለብሷል። ሊን ወርክሾፑ ድረስ መጥታ ቆዳው እንዲቆረጥና በሣጥን እንዲቀመጥ፣ ስብራቱም በሙጫ እንዲያያዝ ሐሳብ አቀረበች።

ጋሽ ወልዱ ብድግ አለ። «ከተቆረጠ ቆዳ ነው፣ ሊን። ሳይቆረጥ ጥገና ነው።»

«በሣጥን ውስጥ በሥርዓት ይቀመጣል።»

«ቁርጥራጭ ይቀመጣል። ሰውየው የሠራው አይቀመጥም።»

ሊን ጠመንጃውን አየች። «ሳይቆረጥ ይወልቃል?»

«እንደ ካልሲ ይወልቃል።»

«በምን እርግጠኛ ሆኑ?»

ስለ ግንባሩ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በርሄ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ምሽግ ውስጥ ሳሉ የመሣሪያው ሰደፍ ተሰበረ። ጋሽ ወልዱ በፍየል ቆዳ ጠገነለት። ለበርሄ ሌላ መሣሪያ ሲሰጠው፣ ቆዳውን በኮዳ ውኃ አርሶ፣ ስፌቱን ሳይፈታ አውልቆ ለሌላ ወታደር አለበሰው። «ሦስት መሣሪያ ላይ ዞረ» አለ። በርሄ የት እንደ ደረሰ ሊን አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም።

«እሺ» አለች። «መጀመሪያ በሌላ ነገር ላይ ያሳዩኝ።»

ስለዚህ ጥሬ ቆዳ ፍለጋ ወጣን። በሲያትል ያልለፋ ቆዳ የሚሸጠው ውሻ እንዲያኝከው ተጠቅልሎ ነው። ጋሽ ወልዱ መኪናውን የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገና ገባን። ያለውን ትልልቅ አጥንት መሰል ቆዳ ሁሉ እያገላበጠ፣ እየጠቀለለ፣ እያሸተተ ሲመርጥ፣ ሻጭዋ መጥታ ልርዳችሁ አለች።

«ውሻዎ ትልቅ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ረጅም ነው» አላት በእንግሊዝኛው።

«ዕድሜውስ?»

«መቶ ዓመት አልፎታል።»

ሳቀች። «ጥርስ አለው ታዲያ?»

«እሱን ነው ዛሬ የምናየው» ብሎ አምስት ገዛ። መኪናው ውስጥ ስንገባ እንደ ወትሮው ፊቱ አልተለወጠም፤ እኔ ግን እስከ ኦቴሎ ጎዳና ድረስ ሳቄን መያዝ አልቻልሁም።

ሙከራው አማረ። የመጥረጊያ እንጨት ሰበረ፤ ቆዳውን ነክሮ አለሰለሰና ስብራቱ ላይ አለበሰው፤ በጠፍር ሰፍቶ ለሳምንት አደረቀው። እንጨቱ እንደ አዲስ ቆመ፤ እኔ ተደግፌበት አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በለብ ያለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ጠቀለለበት። ጥቂት ቆይቶ ቆዳው ለሰለሰ፤ ስፌቱ እንዳለ፣ ቅርጹ እንዳለ፣ ስቦ አወጣው። እንደ ካልሲ። ሊን በእጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። እኔ ያነበብሁት አንድ ጽሑፍ አሮጌ ቆዳን ከውኃ ጋር ማገናኘት አይመከርም ይል እንደነበር ተናገርሁ። ጋሽ ወልዱ አልተቆጣም፤ የመጥረጊያውን እንጨት ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ይሄስ ምን ይላል፣ ፕሮፌሰር?» ማስረጃው በእጃችን ነበር። ሦስታችንም አመንን፤ ሊንም ፈረመች።

የተወሰነው ቀን ደረሰ። የለበን ሰደፍ ከብረቱ በብሎን ስለሚለያይ፣ እንጨቱን ነጥለን ለስላሳ ትራስ ላይ አጋደምነው። ጋሽ ወልዱ እንደ ልማዱ የብረቱን ክፍል ከፍቶ ጥይት ማስገቢያውን አየ፤ ለእኔም አሳየኝ። ከዚያ ጨርቁን በለብ ያለ ውኃ አርሶ፣ ጨምቆ፣ ቆዳው ላይ ጠመጠመ። እኔ ሰዓት ያዝሁ። ሊን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ የታየው እንደ ሙከራው ነበር፤ ጫፉ ለሰለሰ። ጋሽ ወልዱ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ ሽታው መጣ። የሞቀ የአናጢ ሙጫ ሽታ ነው።

«ጨርቁን አንሳ!» አለ። «አንሳ፣ አንሳ፣ ቶሎ!»

አነሣሁት። ፀጉሩ ከጨርቁ ጋር መጣ፤ ቀዩም ነጩም። ከሥሩ የነበረው ቆዳ የሚያንሸራትት ብርሃናማ ነገር ሆኗል፤ ዓይናችን እያየም ይጨማደዳል፣ ያጥራል፣ ይጠባል። ጋሽ ወልዱ ጠፍሩን ለማላላት ጥፍሩን ሰደደ፤ ጠፍሩ በእጁ ላይ እንደ ራሰ እንጀራ ፈረሰ። «ቀዝቃዛ ውኃ!» አለ፤ አመጣሁ፤ ምንም አልለወጠም። የሚጠበው ቆዳ አንገቱን ጨበጠው፤ ለመቶ ዓመት ያህል በዚያው ቆዳ ተይዞ የቆየው ስብራት ተንሸራተተና አንዱ ጎን በሌላው ላይ ወጣ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ጮክ ያለ አይደለም። እንጨቱ ከአሮጌው ስብራት በላይ በሌላ ቦታ ተሰብሮ ሦስት ሆነ።

ጋሽ ወልዱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አስገባ። ሙጫው ሱሪው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅነው ሊን ያማከረቻት የቆዳ ባለሙያ ካስረዳችን በኋላ ነው። ጥሬ ቆዳ ሲያረጅ ውስጡን አጥብቀው የያዙት ክሮች ይላላሉ፤ በጣም ያረጀ ከሆነ ለብ ያለ እርጥበት ብቻ ወደ ሙጫ ይለውጠዋል። ከውኃው ይልቅ ቀዝቃዛ እንፋሎት፣ ያውም በብዙ ትዕግሥት፣ ምናልባት ይበጅ ነበር። የበርሄ ቆዳ የዚያ ሰሞን ፍየል ነበር። የእኛ የሙከራ ቆዳ የአምና ላም ነበር። ጋሽ ወልዱ በሱቁ ውስጥ በቀልድ የተናገረው ዕድሜ፣ በሙከራችን ውስጥ ያላስገባነው ብቸኛው ነገር ነበር። ባለሙያዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ «ውሻው ጥርስ አልነበረውም» አለ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

የጉዳት መግለጫው ሲጻፍ ክርክር ተነሣ። ሊን «ወርክሾፑ ባደረገው ሙከራ» ብላ ጀመረች።

«ወርክሾፕ እጅ የለውም» አለ ጋሽ ወልዱ። «እጅ ያለኝ እኔ ነኝ። ስሜን ጻፊ።»

«እኔ ፈርሜበታለሁ፣ ሚስተር ወልዱ።»

«አንቺ በእስክሪብቶ ነው። ያራስሁት እኔ ነኝ።»

«ይህ ልጅስ?»

«እሱ ሰዓት ነው የያዘው። ሰዓቱ ትክክል ነበር።»

ሁለቱን ስሞች ጻፈች። ማንም አልተቀጣም። ጋሽ ወልዱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ ላይ ያለ ዕቃ በእጁ አልነካም፤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ እኔ ስሠራ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል። ሁለት ጊዜ ጥጥ የተጠመጠመበትን እንጨት አቀበልሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተቀብሎ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው መለሰው። «እጄ የሚያውቀውን ሁሉ እንደገና ልጠይቀው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዕድሜ የለኝም» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ብሩሾቹን አጥቦ፣ በየመጠናቸው ደርድሮ፣ ጡረታ ወጣ። እኔ «ጋሽ ወልዱ፣ ይቆዩ እንጂ» ብዬ ለምኜው ነበር። «ኦኬ፣ እቆይና ምን ላድርግ? ዘይት ልቀባ?» አለኝ።

ትርኢቱ በጊዜው ተከፈተ። ለለበኑ፣ አስቀድሞ ማናችንም ያላሰብነውን አድርገን፣ ብረቱ ከተበላው ጠመንጃ ላይ ደኅናውን ሰደፍ ፈትተን ገጠምንለት፤ ሞዴሉ አንድ ስለሆነ ብሎኑ ሳይቀር ገባ። አጠገቡ ያኖርነው ጽሑፍ ይህን በግልጽ ይናገር ነበር። ጎብኚዎች ፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር፤ በእርግጥም ያምር ነበር። ሦስት የሆነውን ሰደፍ፣ ደርቆ የተጨማደደውን ቆዳ፣ ከጨርቁ ላይ አንድ በአንድ የለቀምሁትን ፀጉር በአንድ ሣጥን አኖርሁ፤ ምን እንደሆነም በላዩ ላይ ጻፍሁ። ጋሽ ወልዱ ከሄደ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ሣጥኑን እከፍት ነበር። ከተረፈው ቁራጭ ላይ አራት የስፌት ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር፤ አሁንም ወደ ቀኝ ያጋድላሉ።

ከዚያ የስብስቡ ወራሾች መጋዘኑን ለመሸጥ ወሰኑ። ሊን ተሰናበተች፤ እኔም ተሰናበትሁ። ዕቃውን ያነሡት እኛን የማያውቁ ሠራተኞች ናቸው። መግለጫውን ካነበብሁ በኋላ ሻጮቹ ጋ ኮል አድርጌ ስለ ሣጥኑ ጠየቅሁ። ትሑት የሆነች ሴት መዝገቧን አይታ፣ የሚሸጥ ነገር ያልያዙ ሣጥኖች ከቆሻሻው ጋር መወገዳቸውን ነገረችኝ። ስለ ሰደፉ ሳስረዳት፣ «ግን እኮ ጠመንጃው ሰደፍ አለው» አለችኝ። አለው።

ለጋሽ ወልዱ በዚያው ቀን ነገርሁት።

«ፀጉሩስ?» አለ።

«ከሣጥኑ ጋር ነው የሄደው፣ ጋሽ ወልዱ።»

በስልኩ ውስጥ ከአፓርትመንቱ በላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ይሰማኝ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቅን።

«በል ወደይ» አለኝ፣ «የጠፋውን ቁጠርና ጽሑፍህን በዚያ ጨርሰው።»

አንድ ሰደፍ።

አንድ የላም ቆዳ፣ ቀይና ነጭ።

አንድ ጠፍር።

አንድ ስፌት፣ በግራ እጅ የተሠራ።